ያልተፈቱ በሬዎች

በሩን ዝጉት። መወርወሪያውንም ጣሉበት። እሳቱን ተዉት፣ አትቆስቁሱት፤ ይህን ወሬ ሳወራ ፊታችሁን ማየት አልፈልግም። እየተናደድኩ ነው የማወራው። ባወራሁት ቁጥር እናደዳለሁ። ሳቅ ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ፤ ግን ብቻውን አይሂድ።

ድሮ ነው። የአገሩን ስም አልጠራም፣ የሰዎቹ ዘመዶች ዛሬም አሉ። አድማሱ የሚባል ጎረምሳ ነበር፣ የአያ ዘገየ ልጅ። አንድ ልጅ ነው፣ ሌላ የለም። አያ ዘገየ ቡሬና ዳልቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት። አንድ ልጅ፣ ሁለት በሬ። ያለው ይኸው ነው።

በሰኔ ደቦ ጠራ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። አድማሱ እርፉን ይዞ ያርሳል፣ አባቱ ዳር ቆሞ ያያል። አየ፣ አየና «ይህ ትልም ነው ወይስ የሰካራም መንገድ?» አለ። ሰው ሳቀ። አያ ዘገየ ሰው ሲስቅለት ጊዜ ጨመረበት። «ወንድ ልጅ ወለድኩ ብዬ ነበር። ለካ የወለድኩት በሬ ኖሯል፤ ያውም ያልተገራ» አለ። ሰው አሁንም ሳቀ።

ልጅ በሰው ፊት እንዲህ ይባላል? እስቲ ንገሩኝ። ይባላል ወይ?

አድማሱ እርፉን ለቀቀ። በሬዎቹን እንደተጠመዱ ማሳው መካከል ትቶ ሄደ። አያ ዘገየም ሲሄድ እያየው «የጠመደ ይፍታ» ብሎ ቤቱ ገባ። ደቦተኛውም ባለቤቱ እያለ በሰው በሬ እጃችንን አናስገባም ብሎ ተበተነ። እናቱ እንጉዳይ ያን ዕለት አራስ ልትጠይቅ ሌላ መንደር ሄዳ ነበር እንጂ እሷ ብትኖር ትፈታቸው ነበር።

መሸ። በሬዎቹን ማን ፈታቸው? ማንም። ልጅ በአባቱ ተናዶ፣ አባት በልጁ ተናዶ፣ ሁለት እንስሳ ቀንበር ሥር ቀሩ። ሌሊት ጅብ መጣ። ዳልቻ ተጠምዶ ወዴት ይሮጣል? በቁሙ በላው። ቡሬ አጠገቡ ቆሞ አደረ።

ጠዋት አያ ዘገየ ይህን አየና እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። «ጥሎት የሄደው ቀንበር አንገቱን ሳያገኘው ብሞት፣ አፈሩ አይቅለለኝ!» አለ። ሰው በገዛ መቃብሩ ላይ ይራገማል? ቁጣ እንዲህ ነው። ጎረቤት «ቡሬን ከበሬያችን ጋር አቀናጅና እረስ» ቢለው እምቢ አለ። የዳልቻን ቦታ ሌላ በሬ አይገባበትም አለ። ያ ማሳ ከዚያ ወዲያ ጦም አደረ።

አድማሱ ቆላ ወርዶ ጥጥ ሲለቅም ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አኩርፎ ኖረ። በመጨረሻ ወባ ጣለው። በጣዕር ላይ ሆኖ ማንን ጠራ? አባቱን። ተርፎ ሲነሣ «ከአባቴ እግር ላይ ወድቄ ይቅር ካላለኝ መኖሬ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ወደ አገሩ ተነሣ።

ከመንደሩ ማዶ ሲደርስ ጀምበር ጠለቀች። እዚያ አያ ጓንጉል የሚባል ሽማግሌ ነበርና ቤቱ ገባ። ሽማግሌው ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«አባቴ ደኅና ነው?» አለ አድማሱ።

«የነገውን ነገ እናወራለን። ብላ።»

«ይቅር ይለኛል?»

«ልጄ፣ ወጉን ታውቀዋለህ። ነገ በማለዳ ሽማግሎቹን ይዤ ፊት ፊትህ እሄዳለሁ። አንተ ድንጋይህን በአንገትህ ተሸክመህ ከኋላ ትከተለናለህ። ዛሬ ተኛ።»

ገብቷችኋል አይደል? አያ ዘገየ ሞቷል። ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ግን መርዶ በማታ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው የሚነገረው። አያ ጓንጉል ወጉን ጠብቆ አፉን ዘጋ። ደግ አደረገ። ግን እንዲያው በሩ ላይ ቢተኛ ምን ነበረበት?

አድማሱን እንቅልፍ አልወስደው አለ። ተገላበጠ፣ ተገላበጠ። ያ የድሮ ንዴቱ መጣበት። «የገዛ አባቴ ቤት ለመግባት ሽማግሌ ያስፈልገኛል?» አለ። ቀስ ብሎ ወጣ። ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገና መንገድ ጀመረ። ጨረቃ የለችም። ወንዙን ተሻገረ። ዳገቱን ወጣ። ዋርካው ዘንድ ሲደርስ ድንጋዩ ከበደው። «በዚህ ጨለማ ማን ያየኛል? ደጁ ስደርስ ሌላ አነሣለሁ» አለና አስቀመጠው።

አስቀመጠው! የይቅርታ ድንጋይ መንገድ ላይ ይቀመጣል?

ጥቂት ሄደ። ከሩቅ ጅራፍ ጮኸ። ጧ! ቆመ፣ አዳመጠ። ዝም። ደግሞ ሄደ። ጧ! አሁን ቀረብ አለ። በሌሊት ማን ያርሳል? እናንተ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማረሻ ጠጠር ሲፍቅ ተሰማው። የተገለበጠ አፈር ሸተተው። ቀጥሎ የበሬ ትንፋሽ ሰማ። አባቱ ማሳ ዳር ደርሷል።

መጀመሪያ ቡሬን አየ። አርጅቷል፣ አጥንቱ ወጥቷል። በቀንበሩ በወዲያኛው በኩል ግን ምንም የለም። ባዶ ነው። ባዶም ሆኖ ቀንበሩ አልዘመመም። ከኋላ እርፉን የያዘ ሰው አለ። ጋቢ የለበሰ መሰለው። ቀረብ ሲል ጋቢ አይደለም፣ ሰሌን ነው። ሰሌን ተጠቅልሎ የሚቀበር እንጂ የሚሄድ ማን ነው? እናንተ ታውቃላችሁ። እሱም አወቀ።

«አባባ» አለ።

«መጣህ?»

«መጣሁ። ይቅር በለኝ።»

«ድንጋይህስ?»

አድማሱ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። «ዋርካው ሥር አስቀመጥኩት። ከበደኝ» አለ።

«ታዲያ አንገትህ ባዶ ነው» አለ አባቱ። «በል ግባ። የዳልቻ ቦታ ክፍት ነው።»

ልሩጥ ቢል እግሩ እምቢ አለው። ቀንበሩ መጥቶ አንገቱ ላይ አረፈ። ማነቆው በአንገቱ ግራና ቀኝ ተቀረቀረ። ጧ!

ሲነጋ እንጉዳይ የበረቱ በር ተከፍቶ፣ ቡሬ ጠፍቶ አገኘች። ዱካውን ተከትላ ማሳው ደረሰች። አያ ጓንጉልና ሽማግሎቹም የጠፋውን እንግዳ ሲፈልጉ ደረሱ። ዘጠኝ ዓመት ጦም ያደረው ማሳ ዳር እስከ ዳር ታርሷል። ትልሙ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። በመጨረሻው ትልም ላይ ቡሬና አድማሱ በአንድ ቀንበር ተጠምደው ቆመዋል። እርፉን የያዘ የለም።

አራት ወንድ ቀንበሩን ሊያነሣ ታገለ። ንቅንቅ አላለም።

«የአባቱ ቃል ነው» አለ አያ ጓንጉል። «የሞተ ሰው የተናገረውን ማን ይሽረዋል?»

እንጉዳይ አለቀሰች? አላለቀሰችም። ዘጠኝ ዓመት አልቅሳ ጨርሳለች። ተቆጣች። «ድንጋይህ የት አለ?» አለችው። ነገራት። ዋርካው ሥር ሄዳ ያን ድንጋይ በአንገቷ ተሸከመችው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብታ ከባሏ መቃብር ላይ ጣለችው።

«ዘገየ፣ ስማኝ» አለች። «ልጄ በሬዎቹን ሳይፈታ ሄደ። አጠፋ። አንተስ? እያየሃቸው አልፈህ አልገባህም? ዳልቻ ሌሊት ሲያጓራ ቤት ተኝተህ አልሰማህም? ሰምተሃል። እሱ ይቅር በለኝ ብሎ ከቆላ ድረስ መጣ። አንተ ስትሞት እንኳ አጠፋሁ አላልክም። ይህ ድንጋይ ያንተ ነው። እንካ፣ ተሸከም።»

ይህን ስትል፣ ማዶ ማሳው ላይ ቀንበሩ በራሱ ወደቀ። አድማሱ በግንባሩ ተደፋ። ኖረ፣ አልሞተም። አንገቱ ግን አልቀና አለ። ዕድሜውን ሙሉ መሬት መሬት እያየ ሄደ። የተጠመደ በሬ ካየ የማንም ይሁን የማን ሳይፈታ አያልፍም ነበር።

ያለቀ መሰላችሁ? በማግስቱ እንጉዳይ መቃብሩ ዘንድ ብትሄድ ድንጋዩ የለም። አያ ዘገየ ተሸክሞታል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ፊት ፊቱ የሚሄድ ይፈልጋል፤ ወጉ ለሙትም ያው ነው። ስለዚህ በሌሊት ይዞራል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አይቀርብም። ብቻውን የሚሄድ ሲያገኝ ግን ከኋላው ይመጣና «ወንድሜ፣ ፊት ፊቴ ሂድልኝ» ይለዋል። እሺ ብሎ የሄደ ከቤቱ አልደረሰም። እምቢ ያለውም አልደረሰም።

ቤቴ ቅርብ ነው ብለህ የተነሣኸው፣ ተቀመጥ። ተቀመጥ አልኩህ! ዝም በሉ።

ሰማችሁ? ከደጅ አንድ ሰው ከባድ ነገር መሬት አስቀመጠ።