የተማረ ሰው ምስክርነት

ሚስተር ክዌክ በጓሮው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጸሐፊዋ አንግ ናት ከምሳ ስትመለስ ያገኘቻቸው። መነጽራቸው ግን አብሯቸው አልወረደም፤ ደረጃው አናት ላይ ተሰባብሮ ቀርቷል። ኢንስፔክተር ሳሮጂኒ ወጥታ ወርዳ ሁለቱንም ቦታ አየች። ብቻውን የሚወርድ ሰው ፊቱን ወደ ታች ያደርጋል። እኚህ ሰው የወደቁት ወደ ላይ ዞረው፣ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ነው።

ፎቁ ላይ ያለው የሲንጋፖር ተማሪዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚዘጋጅበት ቢሮ ነው። ሟቹ ዋና አዘጋጅ ነበሩ። የቀሩት ሦስት ሠራተኞች ናቸው፣ አንግ፣ ፔሬራና አንጋፋዋ ሮስና፤ ሦስቱም ምሳ ወጥተን ነበር አሉ።

መጀመሪያ ከለንደን ተምሮ የተመለሰውን ፔሬራን አነጋገረች።

«ጠላት ነበራቸው?»

«ግማሽ ሲንጋፖር። ባለ አምስት ፊደሉን የእንግሊዝኛ ‹ናይት› በአራት አሳጥሮ የጻፈ ልጅ ዜሮ ይገባዋል ይሉ ነበር።»

«ዛሬስ በምን ተጣላችሁ?»

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ ሮስና ናቸው። ‹ብለር› በሚለው ቃል። እንግሊዞቹ የደበዘዘ ነገር ይሉበታል፤ እኛ ገበያ ውስጥ ግን የደነዘዘ፣ ነገር የማይገባው ሰው ነው። እትዬ ቃሉን የመዘገቡበት አርባ ካርድ አላቸው፤ ከዓሣ ሻጭ፣ ከሾፌር፣ ከወታደር የሰሙት።»

«አርባ አይበቃም?»

«የተማረ ሰው ሲለው ካልተሰማ ቃሉ መዝገቡ ውስጥ አይገባም፤ የሚስተር ክዌክ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእትዬን ቃላት መለሱባቸው። መዝገቡ ደግሞ ዓርብ ይዘጋል።»

«አንተ አልተማርክም?»

«ለንደን አበላሽቶሃል ብለው የእኔን ምስክርነት ሰረዙት።»

ሮስና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀቻት።

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው?»

«ከስብሰባው በኋላ። አምስት ሰዓት ይሆናል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«የተማሩ። ከሳቸው የተሻለ እንግሊዝኛ የሚናገር የለም። ይሄን ማንም አይክደውም።»

ሳሮጂኒ መልሱ ከነከናት። ሰው ስለ ሞተ ባልደረባው ደግ ነበር ይላል፤ ክፉ ነበር ይላል። ይህች ሴት ግን የሟቹን ትምህርት ነው ያስመዘገበችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ሚስተር ክዌክ ሲወድቁ ደረጃው ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ መነጽራቸው ያሳያል። ማን እንደሆነ ግን አያሳይም። እናንተ ደግሞ አንድ ልማድ አላችሁ። የሰማችሁትን ቃል ወዲያው ትጽፋላችሁ፤ ማን አለው፣ የት፣ በስንት ሰዓት። ስለዚህ የ‹ብለር›ን ካርዶች ቆጠርኩ። አርባ አንድ ናቸው።»

ካርዱን አንስታ አነበበች። «‹ብለር ሴትዮ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ?› ተናጋሪ፣ ክዌክ ቡን ሁዋ፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። የጓሮ ደረጃ። ሰባት ሰዓት ከአስር። ቀኑ የዛሬ ነው። የእጅ ጽሑፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

«እትዬ» አለ ፔሬራ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ሕጉን እንዲያላሉት ልለምናቸው ተከተልኳቸው» አለች ሮስና። «ሰደቡኝ። ገፋኋቸው። ወርጄ ሳያቸው አይተነፍሱም። ተመልሼ ጻፍኩት።»

«ለምን አልቀደዱትም?»

«የተሰማ ቃል ይቀደዳል እንዴ? ያ ካርድ ከሌለ እኮ ቃሉ አይገባም።» ወደ ፔሬራ ዞረች። «አሁን ይገባል አይደል?»

አንግ ጠረጴዛውን እያየች ተናገረች።

«አሳታሚዎቹ ደውለው ነበር። ያለ ሚስተር ክዌክ ስም መጽሐፉን አናወጣም ብለዋል። ሥራው ቀርቷል።»

«የካርዶቹ ሳጥኖችስ?»

«ነገ ያነሷቸዋል።»

«ወዴት?»

«አልነገሩንም፣ እትዬ።»

ሮስና ተነሳች። ኢንስፔክተሯ ገና እንሂድ አላለቻትም ነበር።