ለብረት የተሠራው ቀለም

በእኛ ደብረ ታቦር በሩን በብረት የማያሠራ ሰው ጥቂት ነው። በሩ ተበይዶ ሲያልቅ አስቀድሞ ቀዩ የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ ከዚያ ሰማያዊው ወይም አረንጓዴው ይከተላል። ቀለሙ ከወፈረ ቲነር ይጨመርበታል። ይህን እያየን ስለኖርን ቀለም ሁሉ አንድ ይመስለናል። በቤቴ የደረሰው በሌላው ቤት እንዳይደርስ ይህን እጽፋለሁ።

ባለቤቴ ማሩ ሹፌር ነበር። በሚኒባሱ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር ይመላለስ ነበር። መኪናው ነጭ ነች፤ በሁለቱም ጎኗ ላይ እሱ ራሱ ያስቀባት አረንጓዴ መስመር ነበራት። ኩላሊቱን ታሞ ሲያርፍ ልጃችን ፍቅርአዲስ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። አሠሪዎቿ ኮንትራትሽ አላለቀም ብለው ከለከሏት። አባቷን ሳትቀብር ቀረች።

ከወራት በኋላ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ እርሟን ሊያስወጣት ተሰበሰበ። ጎረቤታችን ጌጤ እየዬ ብላ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ልጄ ግን አላለቀሰችም። ለለቀስተኞቹ ውኃ አቀረበች፣ ወንበር አመጣች፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ልቤ ፈራ። ያልወጣ ሐዘን ሰው እንደሚያሳምም አይቻለሁ።

በማግስቱ ከሻንጣዋ አንድ ካርቶን አወጣች። ውስጡ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነበረበት። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ክንድ የማትሞላ ሚኒባስ ይሆናል። የአሠሪዎቿ ልጅ እንዲህ ያለ መኪና ሲሠራ እያገዘችው ለምዳለች።

«ልክ የአባዬ መኪና ናት እማ» አለችኝ። «ቀለሟንም እንደሱ አደርግና ለሙት ዓመቱ ፎቶው ሥር አስቀምጣታለሁ። አፈር አላለበስኩትም፤ ይህን ልሥራለት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ወንበሮቹን ስታጣብቅ የአባቷን ነገር ታወራኛለች። እዚህ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ እዚህ ጋ ነበር መቁጠሪያውን የሚያንጠለጥለው ትላለች። እኔም እሰማታለሁ።

ያስቸገራት ቀለሙ ነው። ዓረብ አገር የገዛችውን የሚነፋ ቀለም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይገባም ብለው ወስደውባታል። ስለዚህ ለፕላስቲክ የሚስማማውን ከባሕር ዳር እንዲፈልግላት እዚያ የሚመላለሰውን የአባቷን ጓደኛ ላከችው።

የማሩ ታናሽ ወንድም ዘመኑ በያጅ ነው። አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ የቀለሙን ነገር ሲሰማ ሳቀ።

«ለዚች ነው ባሕር ዳር ድረስ የሚላከው? እኔ ዘንድ ጣሳ ሙሉ አለ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ቀለም ቲነር አለው አጎቴ። ቲነር ፕላስቲኩን ይበላዋል» አለችው። «መጀመሪያ ፕላስቲክ ላይ የሚይዝ መነሻ ቀለም ይቀባል። ከላይ የሚሄደውም ከመነሻው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ካልተስማሙ የላዩ የታቹን ያኮማትረዋል።»

«የጉና ተራራን ውርጭ የሚችል በር የቀባሁ ሰው ነኝ። ይቺ ታቅተኛለች?»

«በሩማ ብረት ነው።»

«አየሽ እታለም» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዓረብ አገር ሳህን ስታጥብ ኖራ መጥታ ቀለም ታስተምረኛለች።»

«ሳህን ብቻ አይደለም፣ ምንጣፍም አጥቤያለሁ» አለች ልጄ፤ ሁላችንም ሳቅን።

እኔ በዚያ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ስለነበር ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ አነባለሁ። የዘመኑ መበየጃ ቤት ሄጄ ጣሳውን አየሁት። «ዘመኑ፣ እዚህ ላይ እኮ ለብረትና ለእንጨት ይላል» አልኩት።

«ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ ጣሳው ሁሉ ያናግርሽ ጀመር» አለና ሥራውን ቀጠለ።

የባሕር ዳሩ ቀለም የመጣው ለሙት ዓመቱ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ፍቅርአዲስ መኪናዋን በሳሙና አጥባ አደረቀች፣ መነሻውንም በስሱ ቀባች። ግራጫ ነው። እስኪደርቅ ብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻትና ለድግሱ የሚሆነውን እህል ልናስፈጭ አብረን ወፍጮ ቤት ሄድን።

ዘመኑ ያን ጊዜ መጣ። ግራጫ ሆና ሲያያት እንግዳ ሳይመጣ አትደርስም ብሎ አሰበ። የወንድሙ መኪና እንዲህ ሆና እንድትታይ አልፈለገም። ይዟት ሄደ፤ ለበር የሚቀባውን ነጭ ቀለም በቲነር አቅጥኖ ነፋባት። ይህን ያደረገው በክፋት አልነበረም።

ከወፍጮ ስንመለስ በጨርቅ ሸፍኖ፣ ፈገግ ብሎ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ጨርቁን ልጄ ገለጠችው።

ቀለሙ ወተት ላይ እንደሚሰፍፍ ስልባቦት ተጨማዷል። መስኮቶቹ ደፍርሰዋል። ጣሪያው በሹፌሩ በኩል ለስልሶ ወንበሩ ላይ ወርዷል።

«በመንገድ ላይ ነው እንዲህ የሆነችው» አለ ዘመኑ። «ስነፋት ደህና ነበረች።»

ፍቅርአዲስ የደፈረሰውን መስኮት በጣቷ ልትጠርግ ሞከረች፣ አልጠራላትም። «ወንበሩ አይታይም» አለች።

«ሌላ ይገዛል። እኔ አስመጣልሻለሁ።»

«ሌላ ምን ያደርግልኛል አጎቴ? ከአባዬ ጋር የሰነበትኩት ይቺን ስሠራ ነው።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አባዬ፣ አባዬ እያለች፣ መኪናዋን አቅፋ አለቀሰች። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ያላወጣላት ሐዘን እዚያ ደጅ ላይ ወጣ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ዘመኑ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። «እኔ ወንድሜን ተሸክሜ ቀብሬዋለሁ። አንቺ አልቀበርሽውም። ይህን አላሰብኩትም» አላት።

በሙት ዓመቱ ፎቶው ሥር ምንም አልነበረም። ሰው ካስተዛዘነ በኋላ ዘመኑ መጥቶ ከልጄ ፊት ተቀመጠ። «አሠራሩን አሳዪኝ» አላት። ቁርጥራጮቹ ተያይዘውበት ከነበረው የፕላስቲክ ፍሬም ትርፉን ሰብራ ሰጠችው። ቲነር አንጠባጠበበት። ሲለሰልስ፣ ጣቱ ላይ ሲጣበቅ አየ። ዛሬ ሰው የፕላስቲክ ዕቃ ቅባልኝ ብሎ ሲመጣ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቃል፣ በማይታይ ቦታ ላይ ይሞክራል፣ መነሻው ከላዩ ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጥ አይነካውም። ሲጠራጠርም ሰው ልኮ ፍቅርአዲስን ያስጠይቃል።

እሷ ግን ሌላ መኪና አልሠራችም።

ወገኖቼ፣ ጣሳ ላይ የተጻፈውን እናንብብ፤ ማንበብ ካልቻልን እናስነብብ። ለብረት የሚበጀው ለፕላስቲክ እንደማይበጅ እንወቅ። ከሰው አገር የተመለሱ ልጆቻችን ሳህን ሲያጥቡ ያዩትን ነገር ሲነግሩን አንሳቅባቸው። ደግሞም ሰው በሐዘን የያዘውን ሥራ ልናግዘው ብለን ከእጁ አንውሰድ። ከአጠገቡ ቁጭ ብለን፣ ምን ላቀብልህ እንበለው።