ክሩ የተፈታበት ጠርሙስ

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡና ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ እኔንም ሆድ የሚያስብሰኝን ነው።

የሳይንስ መምህሯ በትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ተማሪዎቿ በተከሏቸው ችግኞች መሀል ሞታ ተገኘች። አጠገቧ የምስጥ መድኃኒት የተበጠበጠበት የውሃ ጠርሙስ ወድቋል። መርማሪዋ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ቆመው ጠበቋት፤ ርእሰ መምህሩ፣ ከወንዙ ዳር ጨርቅ ማቅለሚያ ያለው ሰውዬና አዛውንቱ አትክልተኛ።

አትክልተኛው ሁለት ጣት በጎደለው ቀኝ እጃቸው ወደ ባለማቅለሚያው ጠቆሙ። «እሱ ነው ልጄ። ልጆቹን ይዛ ወንዝ እየወረደች ቆሻሻውን ስላስመረመረችበት ዝቶባት ነበር።»

«ዝቻለሁ» አለ ሰውዬው። «ምላሴ ረጅም ነው፤ እጄ ግን ሰው አይገድልም።»

«መድኃኒቱን የበጠበጠውስ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አሉ አትክልተኛው፤ «ምስጥ ችግኙን ቢጨርስብን። ግን የኔ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አለው። ክር ያለው አይጠጣም፤ እሷው ናት ያስተማረችን። ልጆቹ ከወንዝ የሚቀዱትም በክር ነው የሚለየው። ይሄን አንድ ክፉ ፈትቶታል።»

«የምን ክር?» አለ ርእሰ መምህሩ። «እኔ እዚህ ጭቃ ውስጥ ገብቼም አላውቅ። መምህሯን ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን አፍኗት ነበር፤ ሽታው አልገባትም። ከዛሬ ጀምሮ ጓሮው ይዘጋል፤ ትምህርት ማለት ክፍል ውስጥ ነው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ በችግኞቹ መሀል ዞረች። አንዱ ጋ ስትደርስ ብዙ ቆየች። ተመልሳ ሦስቱንም ስትሰበስብ ፊቷ ጠቁሯል።

«ጠርሙሱ አቧራ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ግን ቀጭን ንጹሕ መስመር አለ። ክሩ ነበረ፣ ተፈቷል። ባለማቅለሚያው ፈትተውት ቢሆን አሻራቸው ይቀር ነበር፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነው። ርእሰ መምህሩም ጫማቸው ላይ የዚህ ጓሮ ጭቃ የለም።» ወደ አትክልተኛው ዞረች። «ክሩን አግኝቼዋለሁ። የተሰበረ ችግኝ ከእንጨት ጋር ታስሮበታል፤ ጫፉ በጥርስ ተስቧል። ሊገድል የመጣ ሰው ችግኝ ደግፎ አይሄድም፣ አባባ።»

አዛውንቱ እጃቸውን ተመለከቱት። ቋጠሮ የሚያጠብቁት ሁልጊዜ በጥርሳቸው ነበር።

«ጠዋት... የትንሿ ልጅ ችግኝ ተሰብሮ አገኘሁት። መጥታ አይታው ሳታለቅስ ልሰረው ብዬ ነው። ጠርሙሱን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ሌላ ክር ላመጣ ሄድኩ። ልጆቹ ውሃ ይቅዱልን አሉኝ፤ ስቀዳላቸው ረሳሁት። ያሰርኩት እየመሰለኝ...»

ሊወድቁ ሲሉ ቀድሞ የደገፋቸው ያ የወነጀሉት ባለማቅለሚያ ነበር። «አይዞዎት አባቴ» አለ።

መርማሪዋ ክንዳቸውን ይዛ ስትወጣ ዞር አሉ። «ችግኞቹን ማን ያጠጣቸዋል?»

ርእሰ መምህሩ ጭቃው ውስጥ ገባና የውሃ ማጠጫውን አነሳ።

እናንተም ልጆቼ፣ ቀይ ክር የታሰረበት ዛፍ ካያችሁ አትፍቱበት። እሷንም እሳቸውንም አንድ ላይ አስታውሱልኝ።