ስሙ የተቀየረው ፋይል

«ይቺን ፋይል እለፊያት፤ ፕሪንተሩን የምታሠራው ድራይቨር ናት» አለ ጠበቃው፣ ከጀርባዋ ቆሞ።

ጉንዳን አላለፈቻትም። ጉንዳን ያሏት የያዘችውን ስለማትለቅ ነው፤ ጓደኛዋን ጠበቃ ያሉት ደግሞ እጅ ከፍንጅ ተይዞም ስለሚከራከር። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሰሞኑን እንደ ኤሊ እየተንፏቀቁ ነው። ርእሰ መምህሩ «እስከ ዓርብ ምክንያቱ ካልታወቀ የኮምፒውተር ክፍሉ ይዘጋል» ብለዋል። ስለዚህ የኮምፒውተር መምህሯ ለጉንዳን አንድ ፕሮግራም ሰጥተዋታል። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ፋይል ይዘት ሃሽ የሚባል ረጅም ቁጥር ያወጣና ከታወቁ ሶፍትዌሮች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል።

ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ «የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ» የሚል ብቅ አለ።

«ድራይቨር ናት ያልከው ይሄን ነው?»

«ታዲያ መኪና ያለ ድራይቨር ይሄዳል?»

ጉንዳን ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን ላብ ላብ አለው። «ስሙን እኮ ቀይሬዋለሁ!»

«ሃሽ ስም አይጠይቅም። አንተ ስምህን ብትቀይር የጣትህ አሻራ ይቀየራል?»

ፍተሻው ቀጠለ። ያው ሃሽ በአሥራ ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ላይ ተገኘ፤ እያንዳንዱም ከተጠቃሚው ስም ጋር ሪፖርቱ ላይ አንድ አንድ መስመር ያዘ።

«አሥራ ዘጠኝ!»

«ለብቻ መጫወት ይደብራላ! በኔትወርክ ነው የምንሽቀዳደመው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በናትሽ፣ የኔ ስም ያለበትን መስመር ሰርዢልኝ። እማዬ ከሰማች አለቀልኝ።»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የተቀመጡት። ጣቷ መሰረዣው ላይ ቆመ። ይሄኔ ሃያኛው መስመር መጣ። ፋይሉ «አስቸኳይ ሪፖርት» ይላል፤ ሃሹ ግን ያው የመኪናው ነው። ኮምፒውተሩ የርእሰ መምህሩ ነበር።

ጠበቃው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «ለካ በምሳ ሰዓት የሚያሸንፈኝ እሳቸው ናቸው!» ወዲያው ፊቱ በራ። «አየሽ? አሁን ወይ ሁላችንም፣ ወይ ማናችንም!»

ጉንዳን የሁለቱንም መስመር ደጋግማ አየች። አንዱን ብትሰርዝ ሌላውንም መሰረዝ ይኖርባታል፤ ሁለቱን ከሰረዘች ደግሞ ሪፖርቱ ምኑ ሪፖርት ነው? ጣቷን ከመሰረዣው አነሳች።

«ሪፖርቱን ለቲቸር የምሰጣቸው ከሰዓት ነው» አለችው። «እስከዚያ ሄደህ ራስህ ንገራቸው።»

ጠበቃው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተና በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«የርእሰ መምህሩንም ልንገራቸው?»

«የራስህን ብቻ።»

እሱ እንደወጣ ጉንዳን ሃያውንም መስመር አተመች።