ከሁለተኛው ቀለም በታች

ይቺ ልጅ ምን አድርጋ ይሆን?

አያት ጥያቄውን የሚያቀርቡለት ሰው አልነበራቸውም። ሻይ የያዘውን ትሪ እንደተሸከሙ መኝታ ቤቱ መሐል ቆመዋል። አማቻቸው፣ የሟች ልጃቸው ባል፣ ከመሰላሉ ሥር ወለሉ ላይ በተነጠፈው ላስቲክ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱን ሁለቴ ማየት አላስፈለጋቸውም። ነጭ ቀለም የተነከረው ብሩሽ ከእጁ አምልጦ እስከ በሩ ድረስ ተንከባሏል።

የአያት ዓይን ግን ሬሳው ላይ አልቆየም፤ ግድግዳው ላይ ሄዶ ተተከለ። ጠዋት የተቀባው ውሃ ሰማያዊ ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ፣ አንድ የእጅ አሻራ አለ። አምስት ቀጫጭን ጣቶች፣ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ የተጣመመች። ያቺን ጣት አያት የትም ቢያዩዋት ያውቋታል። የልጅ ልጃቸው በስድስት ዓመቷ ከአጥር ላይ ወድቃ ስትሰብራት፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው።

የልጅቷ የጠዋት ጩኸት ተመልሶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። «የእናቴን ሐረግ አጠፋኸው! አንተም እንደሱ ጥፋ!»

ሐረጉን የሳለችው የአያት ልጅ ነበረች። በተጋባች ዓመት ከአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ ቅጠል በምላጭ ቆርጣ አወጣች፤ ፊልሙን እየለጠፈች በላዩ ቀለም እየመታች ክፍሉን ዙሪያውን በሐረግ ከበበችው። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት፤ ባልየው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሊያገባ ነው። «ለባለሙያ ምን አስከፈለኝ፣ እጅ አለኝ አይደል?» ብሎ ቤቱን ክፍል በክፍል ራሱ መቀባት ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። ዛሬ ጠዋት የሐረጉ ተራ ደረሰ።

አያት ትሪውን አልጋው ላይ አስቀመጡ።  ጥግ ላይ የተቀመጠውን የሰማያዊ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን በማንኪያ ፈልቅቀው የግድግዳ መቀቢያውን ሩሎ ነከሩና ያቺ የተጣመመች ጣት እስክትጠፋ ድረስ ግድግዳውን አሹት። ሩሎውን መለሱ።

ከዚያ በኋላ ነው የጮኹት።

*

መርማሪዋ የመጣችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አጭር፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ቀለም እንዳትረግጥ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና በካልሲ ገባች። ከኋላዋ ያሉት ሁለት ፖሊሶች ተያዩ።

ኮርኒሱን አየች፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ አሮጌ።

«ግድግዳውን ቀብቶ ነው ኮርኒሱን የጀመረው? እኔም መጀመሪያ ቤቴን ስቀባ እንዲሁ ነው ያበድኩት። የኮርኒሱ ጠብታ ግድግዳዬን ነብር አስመሰለው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።»

ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ ከሬሳው ላይ ቀና አለ። «ከመሰላል ወድቆ አይደለም። የተደፋው በፊቱ ነው፤ የተመታው ግን ማጅራቱን። ቁስሉ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቀወሰ ነው።»

«መዶሻ?»

«መዶሻ እንዲህ አይቀውስም።»

መርማሪዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። መዳፏን እያንሸራተተች ከጥግ ጀምራ መጣች፤ ራስጌው ጋ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን አየችው። ሰማያዊ ሆኗል። አያትን አየቻቸው። አያት ቀለም የነካውን የቀኝ እጅጌያቸውን ወደ ውስጥ አጠፉ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ግቢው በር ላይ ክፍል ተከራይቶ የሚሠራውን ልብስ ሰፊ ነው።

«የስፌት ማሽኔን እየረገጥኩ ሳለ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ፣ እመቤቴ። ልክ አስር ሰዓት ላይ፤ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር።»

«ሄደህ አላየህም?»

«እዚህ ቤት እኮ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይወድቃል! ባለፈው ሳምንት መደርደሪያው ከነዕቃው ወረደ። ሟች፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ የሰቀለው ነገር ግድግዳ ላይ አድሮ አያውቅም።»

«ማን ገባ? ማን ወጣ?»

«በእኔ በር ሳያልፍ የሚገባ የለም። ከምሳ በኋላ አንድም ሰው አልገባም፣ አንድም ሰው አልወጣም።»

አያት ይህን ሰሙ። ሌባ ነው፣ ወንበዴ ነው ማለት ቀረ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ እሳቸው፣ ልጅቷና የሟች ወንድም።

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ግን አታለቅስም።

«ከምሳ በኋላ የት ነበርሽ?»

«አያቴ ክፍል፣ ተኝቼ።»

«ማን አየሽ?»

«ትራሴ።»

«ጠዋት አባትሽን ምን አልሽው?»

«ጥፋ አልኩት።» ድምጿ ተሰበረ። «ጠፋ።»

መርማሪዋ የልጅቷን እጅ ገልበጥ አድርጋ አየች። ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ቀለም ደርቋል።

«የእኔ እመቤት፣ ይቺ እኮ ዝንብ የማትገድል ልጅ ናት!» አያት መሐላቸው ገቡ። «ለአባቷ ምሳ ያቀረበችው ራሷ ናት። ተኮራርፈውም ቢሆን ሾርባው እንዳይቀዘቅዝበት ክዳን ደፍታለታለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ምግብም አትበላም፤ እዩዋት እስቲ፣ ይሄ የሰው ክንድ ነው?»

«እማማ» አለች መርማሪዋ በለሆሳስ፣ «እርስዎን ጠየቅኩዎት?»

*

የሟች ወንድም አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ግን እስከ ዛሬ «ታናሼ» ነው የሚለው። ለአስራ ሁለት ዓመት የኖረባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ባዶ ወለል ላይ ተቀምጦ አገኙት። አልጋው ወጥቷል። ግድግዳው ሁሉ አዲስ ክሬም ቀለም ተቀብቷል።

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አለ። «እማማ እስኪጮኹ ድረስ ሩሎውን ከእጄ አላወረድኩም።»

«ሲወድቅ አልሰማህም?»

«መስኮቱ ክፍት ነው፤ የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ይጮኻል።»

«ቆንጆ ቀለም ነው። ማን መረጠው?»

«እኔ።» ፊቱ ለአፍታ በራ። «ስንጥቁን በስቱኮ የሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በዕድሜዬ የራሴን ክፍል በራሴ ቀለም ስቀባ የመጀመሪያዬ ነው።»

መርማሪዋ በመስኮቱ ትይዩ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰች፤ መሐሉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ላስቲክ የለበሰውን የቀለም ቆርቆሮ አየች።

«ክዳኑስ?»

«አልገጥም አለ። ከሱቅ ሲመጣ ጀምሮ አፉ የተጣመመ ነው።»

«እንዲህ ያለ ዕቃ መመለስ ነበር» አለችና ወጣች።

አያት ኮሪደሩ ላይ ይጠብቋታል። ክንዷን ያዙ። «ልጄ፣ አንቺም እናት ነሽ መሰለኝ። ያልሽኝን ሁሉ እፈርማለሁ። እኔ በቃኝ፣ ምን ቀረኝ? እሷ ግን ገና ናት። ማስረሻ የሌለው ነገር አታሸክሚብኝ።»

መርማሪዋ የያዟትን እጅ አየች። ከዚያ እጅጌያቸውን። «ሁሉንም መኝታ ቤት ጥሪልኝ» አለች ለፖሊሱ፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን አርማ፣ «ጥራልኝ ማለቴ ነው፤ ደክሞኛል» አለች።

*

ሬሳው ተነስቷል። አያት፣ ልጅቷ፣ ታናሼ፣ ልብስ ሰፊውና መርማሪዋ በመሰላሉ ዙሪያ ቆሙ፤ ፖሊሶቹ በሩ ላይ። መርማሪዋ መብራቱን አጠፋችና የእጅ ባትሪዋን አበራች።

«በአጭሩ ልንገራችሁ። ይህ ሰው አልወደቀም፤ ተመቷል። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ይህን ግድግዳ የቀባ ሰው አለ።»

ልብስ ሰፊው አማተበ።

«ግድግዳው ዳር እስከ ዳር ደርቋል፤ እዚህ ጋ ብቻ ስመጣ እርጥብ ነበር። የቀባው ሰው እጁ ከዚህ በላይ አልደረሰም፤ አጭር ነው። ሩሎውን ወደ ላይና ወደ ታች አልሳበውም፤ ጠረጴዛ እንደሚወለውል ሰው አዙሮታል። እማማ፣ የቀኝ እጅጌዎን ወደ ውስጥ ያጠፉት ለምንድን ነው?»

አያት እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ከዚያ ልባቸውን የሞላውን ሁሉ ዘረገፉት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! እኔ ነኝ! የልጄን ሐረግ ሲያጠፋው ደሜ ፈላ። ውሰዱኝ፣ በሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!»

«በምን ገደሉት?»

«በ... በመዶሻ።»

«መዶሻው የት አለ?»

አያት ወለሉን በዓይናቸው ፈለጉ። ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «መዶሻውማ እኔ ጋ ነው፣ እማማ። ሰኞ ለት ነው የወሰድኩት።»

መርማሪዋ ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አጋድማ ያዘችው። ብርሃኑ በላዩ ሲንሸራተት፣ ከሁለተኛው ቀለም በታች አምስት ጣቶች ጥላ አውጥተው ታዩ። ትንሿ ጣት የተጣመመች ናት። ልጅቷ ትንፋሿን ሳበች።

«የሸፈኑት ይህንን ነው። ግን ይህ ቀለም በሁለት ሰዓት ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ እጅ አይቀበልም። ግድግዳው የተቀባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ይህ እጅ ያረፈው ግድግዳው እርጥብ ሳለ ነው፤ ያኔ አባትየው በሕይወት አለ፣ ከዚያም በኋላ ተቀምጦ ምሳውን በልቷል። ምን ፈልገሽ ነበር፣ ልጄ?»

«ሐረጉን» አለች ልጅቷ። «እናቴ ቀለም ታበዛ ነበር። ከሥር መኖሩ በጣት ይታወቃል። አለ ወይ ብዬ ነው የነካሁት።»

አያት ለመቀመጫ አልጋውን ፈለጉ። ደስታ ይሁን ድንጋጤ አልለየላቸውም።

«ኑ ተከተሉኝ» አለች መርማሪዋ። ወደ ጠባቧ ክፍል ወሰደቻቸው።

«ራሳቸው ቤታቸውን የሚቀቡ ሰዎች አንድ ነገር በግድ ይማራሉ። የጀመሩትን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሳይቆሙ መጨረስ። መሐል ላይ ትተኸው ከሄድክ ዳሩ ይደርቃል፤ ተመልሰህ ስትቀጥል አዲሱ በደረቀው ላይ ይደረባል፤ መስመር ይቀራል።» ባትሪውን አጋደመች። ከኮርኒስ እስከ ወለል አንድ ወፍራም መስመር ግድግዳውን ለሁለት ከፈለው። «ታናሼ፣ ከእጄ አላወረድኩም ያልከው ሩሎ እዚህ ጋ ወርዷል። ለረዥም ጊዜ።»

«ሽንት ቤት ሄጄ ይሆናል።»

«ይሆናል። እማማ፣ ትናንት ይህን ቆርቆሮ ማን ከደነው?»

አያት ሳያስቡት መለሱ። «እኔ ነኛ! ክፍት ካደረ ቆዳ ያወጣል ብዬ በተረከዜ ረገጥኩት። ጠርቀም ብሎ ነው የገጠመው...» ዞረው ታናሼን አዩት።

«ትናንት ጠርቀም ያለው ክዳን ዛሬ አልገጥም አለ። ቀለሙም ቆዳ የለውም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ተከድኖ ነው ያደረው። አፉ የተጣመመው ዛሬ ነው። ደግሞ እዩት። በዚህ በኩል ቀለሙ ተንጠባጥቦ ደርቋል፤ በዚህ በኩል ግን ተወልውሎ ያበራል። ሥራ መሐል ላይ ያለ ቆርቆሮ የሚወለውል ቀቢ አይቼ አላውቅም። የተጣመመው የአፉ ጠርዝ ደግሞ ልክ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው።»

ታናሼ ግድግዳውን እያየ ነበር፤ መስመሩን።

«እዚህ ጋ ስደርስ ጠራኝ» አለ። ድምጹ የደከመው ሰው ድምጽ ነው። «‹ቀለምህን ይዘህ ና› አለኝ። ከድኜ ይዤለት ሄድኩ። ነጭ እንቀላቅልበት አለ። የሙሽራዋ እናት ነጣ ያለ ነው የሚወዱት፤ ክፍሉ ለእሳቸው ነው አለኝ። ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንተማ ወንድ ነህ፣ የትም ታድራለህ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝና አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ።» መዳፉን አየ። «አራት ቀን ሙሉ ስቱኮ ስሞላ እያየኝ ነበር። እያየኝ ዝም አለ።»

«ወንድምህ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው።

«እኔስ የማን ወንድም ነበርኩ?»

ፖሊሶቹ ግራና ቀኙን ይዘው አወጡት። መርማሪዋ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻቸው። አያትን ስታልፍ ትከሻቸውን ነካች። ልብስ ሰፊውም ወደ ማሽኑ ሄደ።

አያትና ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። አያት የልጅቷን ፊት በሁለት እጃቸው ሊይዙ ተጠጉ። «ተመስገን፣ የእኔ ልጅ። አለፈ። በቃ፣ አለፈ።»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አያቴ፣ እጄን ግድግዳው ላይ ስታዪው ምን መሰለሽ?»

«እኔ እኮ... አንቺን ላድን ብዬ ነው እንጂ...»

«ከምን?»

አያት ሰማያዊ የነካውን እጅጌያቸውን አዩ።   ኮሪደሩ ውስጥ የቀለም ሽታ ብቻ ነበር። ልጅቷ መልሱን ከአያቷ ፊት ላይ አነበበች።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች። ማሰሪያውን በእርጋታ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን፣ አሰረች።

«የት ልትሄጂ ነው? መሽቷል እኮ። ሹራብ ደርቢ፣ ይበርድሻል። ምንም አልበላሽም። ልጄ? እናቴ? የእኔ ዓለም?»

ልጅቷ ባዶ እጇን አለፈቻቸውና ወጣች።