የካፒቴኑ አወራረድ

ሽማግሌው ካፒቴን ከፎቅ የሥራ ክፍላቸው በሚያወርደው ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ ሥር፣ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ወለሉ ላይ ነው፤ እግራቸው ደረጃው ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ዕድሜያቸውን ካርታ ላይ ያልሰፈሩ ደሴቶችን ሲያስሱ የኖሩ፣ ያ ሁሉ ማዕበል ያልበላቸው ሰው በገዛ ቤታቸው ደረጃ ወድቀው ሞቱ መባሉ ለመርማሪዋ አልዋጥ አላት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ምስማር» ይሏታል፤ አንዴ ከገባች አትነቀልም ለማለት ነው። ገና በሩ ላይ ሳለች አለቃዋ ደወለላት።

«አደጋ ነው። የአሳሾች ማኅበር ሊቀመንበር ሲወድቁ በዓይናቸው አይተዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አታጉላያቸው። ፈርመሽ ነይ።»

«ትልቅነታቸውን ለክቼ እመጣለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

መጀመሪያ የሟቹን ጫማ አየች። ተረከዙ ደህና ነው፤ አፍንጫው ግን ተፋፍቆ ቆዳው ተልጧል። ግንባራቸው ላይ አንድ ጥልቅ ቁስል አለ። ወደ ላይ ወጣች። መጻሕፍቱም ካርታዎቹም አቧራ ለብሰዋል፤ ከባዱ የነሐስ ቴሌስኮፕ ብቻ ተወልውሎ ያበራል። የጠረጴዛው መሳቢያ ተሰብሮ ባዶውን ቀርቷል።

የካፒቴኑን የጉዞ ማስታወሻዎች ለኅትመት የምታዘጋጀው ሴት ልጃቸው ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«መሳቢያው ውስጥ ምን ነበር?»

«የሁለተኛው ጉዞ ማስታወሻ። እስኪጨርሰው ድረስ እንዳላነበው ቆልፎበት ነበር። አንድ ገጽ ብቻ አንብቦልኛል፣ እናቴ የሞተች ጊዜ የጻፈውን። ‹ይሄ ገጽ ይቅር፣ አይታተም› ብዬ ዛሬ ጠዋት ተጣላን። ‹ባሕሩን እንዳየሁት ከጻፍኩ፣ ራሴንም እንዳየሁት እጽፋለሁ› አለኝ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አኮረፍኩ። በዚያው ተለያየን።»

«ይህ ደረጃ በዚህ ዕድሜያቸው አልከበዳቸውም?»

«እሱን?» በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «ከእኛ ሁሉ ይሻል ነበር። እንደ መርከብ መሰላል ነው የሚወርደው፤ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ በሁለት እጁ ይዞ። ታች የሚጠብቀው እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። እናቴ ‹ሰው እንዲህ ይቀበላል ወይ?› እያለች ትስቅበት ነበር።»

ቀጥሎ የወንድማቸው ልጅ ቀረበ። ካፒቴኑ ያሳደጉት ነው፤ አሁን በማኅበሩ ሙዚየም ይሠራል።

«ማስታወሻው እንዲታተም አልፈለግሁም፣ አልዋሽሽም» አለ ጣቶቹን እያፍተለተለ። «ሊቀመንበሩ ‹አጎትህ ይህን ካሳተመ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ› ብለውኛል። ቢነጋገሩ ይሻላል ብዬ ዛሬ ወደዚህ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ። ከዚህ በፊት ቤታችን መጥተው አያውቁም። እኔ ጓሮ ሳጨስ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ሊቀመንበሩ አጠገቡ ቆመዋል።»

ሊቀመንበሩ ሳሎን ውስጥ የቆዳ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል።

«በሁለተኛው ጉዞ የመርከቡ መኮንን ነበርኩ» አሉ። «ባሕር ላይ ስላሳለፍኩት ዓመት የጻፍኩትን መጽሐፍ ሳታነቢው አትቀሪም።»

«እንዴት ወደቁ?»

«ደረጃው ሥር ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ከላይ ብቅ አሉና ፈገግ አሉልኝ። ዓይን ለዓይን እየተያየን ጥቂት እንደወረዱ አዳለጣቸው፣ ፊት ለፊቴ ተደፉ። ምን ላድርግ?»

«ቦርሳውን ላስቀምጥልዎት?»

«የለም፣ አልከበደኝም።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው። ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። አጠፋችው።

«ካፒቴኑ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው ነበር የሚወርዱት» ስትል ጀመረች። «የጫማቸው አፍንጫ እርከኑን እየነካ መፋፋቁም ይህንኑ ይመሰክራል። እንዲህ የሚወርድ ሰው ቢያዳልጠው እግሩ ነው የሚቀድመው እንጂ በግንባሩ አይደፋም። ስለዚህ አልወደቁም፤ ሰው ነው የጣላቸው። ግንባራቸውን የመታቸው ቴሌስኮፑ ነው። የመታቸው ሰው ደሙን ልጥረግ ብሎ፣ ከአቧራ ሁሉ መሐል እሱን ብቻ ወለወለው።»

«ማን?» አለ የወንድማቸው ልጅ።

«አንተና እህትህ አወራረዳቸውን እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። እናንተ ብትሆኑ በዚህ መልክ አትጥሏቸውም ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን ያለኝ አንድ ሰው ነው።»

ሊቀመንበሩ ሳቁ። «ዛሬ እንደ ሰው ወርደው ቢሆንስ?»

«መርከብ ላይ አንድ ሳምንት የኖረ ሰው ይህን አይጠይቅም። መርከበኛ እንዲያ መውረድ ደሙ ውስጥ ነው። እርስዎ ደግሞ ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ኖርኩ ይላሉ።» ከዚያ አንቱታውን ጣለችው። «መርከቡ ላይ ወጥተህ አታውቅም። የሞቱትም ይህን ስለጻፉ ነው። ቦርሳህን ክፈት።»

አልከፈተም። አብሯት የመጣው ፖሊስ ተቀብሎ ከፈተው። የባሕር ውሃ ጠርዙን ያጠቆረው ማስታወሻ ወጣ፤ መርማሪዋ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። «መኮንኑ ወደብ ላይ ፈርቶ ሆቴል ቀረ። ያለ እሱ ተነሣን።»

ሰውየው ወደ ልጅቷ ዞረ። «እኔን ብቻ የሚያጋልጥ መሰለሽ? ሚስቱ መታመሟን ሰምቶ መርከቡን እንዳልመለሰ በገዛ እጁ ጽፏል። አገር ምድሩ ሊያነበው ነው። እኔ ባቃጥለው ለእናትሽም ክብር ነበር።»

ልጅቷ ማስታወሻውን አየችው። ጠዋት ያን ገጽ ለማስቀረት ተማጽናለች፣ አልቅሳለች።

«ይነበብ» አለች። «አባቴ ያልደበቀውን አንተ አትደብቅልኝም።»

መርማሪዋ ስልኳን ከፍታ ደወለች። «ፈረምሽ?» አለ አለቃዋ።

«ፈርሜያለሁ። ግድያ ብዬ።»

ማስታወሻው ለፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ገጽ በገጽ ፎቶ እንዲነሣ ፈቀደች። ልጅቷ የአባቷ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አነሣችው፤ የእናቷን ገጽ ሁለት ጊዜ። ስትጨርስ ማስታወሻውን ብብቷ ሥር አጥብቃ፣ ፊቷን ወደ ደረጃው አዞረችና በእጆቿ ይዛ መውረድ ጀመረች። ታች በካቴና የቆመው ሰው የሚያየው ጀርባዋን ብቻ ነበር።