በአራት የታጠፈ ጨርቅ

ሳጅኑ ጀርባውን ለሬሳው ሰጥቶ ቆሟል። እውነት፣ ጀርባውን! ሽጉጥ የታጠቀ ትልቅ ሰውዬ፣ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል እንደ ፈተና ያጠናል።

«በምን ሞተች?» አለች መርማሪዋ፣ ገና ከበሩ ሳታልፍ።

«በ... እንግዲህ... በዚያው ነገር ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

«በየትኛው ነገር?»

«ክሊኒኩ የሚያክመውን መቼም ያውቁታል። ራሷ ላይ ስትሞክረው ማደንዘዣ በዝቶባት...»

«ዞር በልና ንገረኝ።»

«ይቅርብኝ፤ እህቶች አሉኝ።»

«እህቶች ስላሉህ ነው መዞር ያለብህ።»

መርማሪዋን ጣቢያው ውስጥ «ቁንጫ» ነው የሚሏት። የማትሰማ መስሏቸው ነው እንጂ ታውቃለች። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ አንዴ ነገር ውስጥ ከገባች ደግሞ ቢያራግፏት ቢያራግፏት አትወጣም። ስሙንም ወዳዋለች።

አልጋው ላይ የተኛችው የክሊኒኩ ባለቤት ናት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የሴቶች ሐኪም። ሥራዋ ደግሞ... ምን መሸፋፈን ያስፈልጋል? የሴቶችን የወሲብ ደስታ ነበር የምታክመው። ከባሏ ጋር ስትተኛ ሁልጊዜ የሚያማት፣ ከወለደች ወዲህ ምንም የማይሰማት፣ ዕድሜዬ ሄደ ብላ «በቃ ቀረብኝ» ያለች፣ ሁሉም እሷ ጋ ይመጣሉ። ቅባት ታዛለች፣ የጡንቻ እንቅስቃሴ ታስተምራለች፣ መርፌም ካስፈለገ ትወጋለች። ከሁሉ በላይ ግን ትጠይቃለች። «እዚህ ይሰማሻል? እዚህስ?» ሰፈሩ «ባለጌዋ ዶክተር» ይላታል፤ ወረፋው ግን እስከ ደረጃው ታች ነው። ጉድ እኮ ነው፣ ተሳዳቢው ራሱ ሚስቱ ወረፋ ላይ ናት!

ክሊኒኩ ለምሳ በተዘጋበት ሰዓት ነው የሞተችው። በጀርባዋ ተኝታለች፣ አንሶላው እስከ ወገቧ ነው። ግራ ክንዷ ላይ አንዲት የመርፌ ነጥብ አለች፤ ደም ሥሩን በአንዴ ያገኘች። አጠገቧ ባዶ መርፌና ባዶ የማደንዘዣ ብልቃጥ። በእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አንድ የሻይ ኩባያ ተደፍቷል። ዓይኗ ላይ ደግሞ ነጭ ጨርቅ፣ በአራት የታጠፈ።

«ይሄን ማን አደረገው?»

«እኔ አልነካሁም፣ እንዲሁ ነው ያገኘሁት» አለ ሳጅኑ ለግድግዳው። «ነርሷ ትሆናለች። ሬሳ ይሸፈን የለ?»

ስልክ ጮኸ። አለቃቸው ነው።

«እስከ ማታ ዝጊው። ድንገተኛ አደጋ ብለሽ። ክሊኒኩም ይታሸግ። ሴትዮዋ ራሷን እንዲህ ስታደርግ ሞተች ተብሎ ሲወራ ቤተሰቦቿ አያሳዝኑሽም?»

«በጣም ያሳዝኑኛል፣ ጌታዬ» አለችና ዘጋችው። ስልኩን ነው የዘጋችው፤ ጉዳዩን አይደለም።

የክሊኒኩ ቁልፍ ያላቸው ከሟቿ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ነርሷ፣ የሟቿ ባል፣ እና ፊት ለፊት ባለው ክፍል ያንኑ ሕክምና በጨረር ማሽን የሚሠራው ዶክተር። መርማሪዋ በነርሷ ጀመረች፤ ጥጥና ጓንት የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አይዞሽ፣ ሲስተር። ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ምሳ በልቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ጠራኋት፣ ዝም። ገባሁ። ከዛ... ከዛማ አየኋት።»

«ዓይኗን የሸፈንሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ሳጅኑ መስሎኝ!»

«ጨርቁ ከየት የመጣ ነው?»

ነርሷ የጋውኗን ጫፍ ጨመደደች። «አላውቅም።»

መርማሪዋ አልገፋቻትም። ውሸት እንደ ሊጥ ነው፤ ትተውት ቢሄዱ ራሱ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ይገፋል።

«እሺ፣ አልጋው አጠገብ ሚስማር ላይ የተሰቀለው የእጅ መስታወትስ?»

ነርሷ ቀና አለች። «እሱ የታካሚዋ ነው። ማንም ሴት እዚያ አልጋ ላይ ስትተኛ መጀመሪያ መስታወቱን ይዛ ራሷን ታያለች። ‹ያላየሽውን አላክምልሽም› ትል ነበር ዶክተሬ። ስድስት ልጅ ወልዳ አንድ ቀን አይታው የማታውቅ ሴት አለች እኮ! ማደንዘዣም እኛ ክፍል አይገባም። የሚሰማሽን ቦታ እየፈለግን እንዴት አድርገን እናደነዝዝሻለን?»

ባልየው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ክራቫቱ እስከ አንገቱ፣ ጫማው የተወለወለ። አጠገቡ በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ሰሌዳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

«በምሳ ሰዓት ከባለቤትዎ ጋር ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል።»

«አልክድም። በዚህ ምክንያት ነው።» በጫማው ጫፍ ሰሌዳውን ነካ አደረገው። «አዲስ ማስታወቂያ አሠርታ በሩ ላይ ልታሰቅል! በትልቅ ፊደል፣ ምንም ሳይሸፈን! እኔ እኮ ስንት ዘመን ሙሉ ለወላጆች የሕፃናት ሐኪም ናት እያልኩ...»

«የሕፃናት?»

«ምን ልበል፣ ልጄ? ሕፃናቱ ከመምጣታቸው በፊት ያለውን ነው የምታክመው ልበል?»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠችው። «ገድለዋታል?»

«እኔ?» ሰውዬው ክራቫቱን ላላ አደረገ። «እኔ መርፌ ሳይ እወድቃለሁ። ልጃችን ስትከተብ የወደቅኩት እኔ ነኝ። ልጅቷንም እኔንም ደግፋ ያወጣችን እሷ ናት። ተጣልቼ ወጣሁ። ‹አሳፈርሽኝ› ብያት ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው። እባክሽ ልጄ፣ የልብ ድካም ነው ይባልልኝ።»

«ዓይኗን እርስዎ ሸፈኑት?»

«ስደርስ ተሸፍኗል። ነርሷ መሰለችኝ።»

የጨረሩ ዶክተር ክፍል ሲገባ ሽቶ ሽቶ ይላል። መጋረጃው ወፍራም፣ መብራቱ ደብዛዛ፣ መሐል ላይ ማሽኑ እንደ ሙሽራ መኪና ያብለጨልጫል። ሠራተኞቹ «ባለማሽኑ» ይሉታል። ቆንጆ ሰው ነው፤ መቆንጀቱን ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ የሰማው እሱ ነው።

«እኔ በምሳ ሰዓት እዚህ ማሽኔን ሳጸዳ ነበር፣ እህቴ። ምንም አልሰማሁም። ያሳዝናል። ሰው በዚህ ዕድሜው...»

«ማደንዘዣው የእርስዎ ነው አሉ።»

«ቁም ሳጥኔ አይቆለፍም። እሷም ትወስዳለች፣ ነርሷም ትወስዳለች።»

«ዓይኗንስ ማን ይሆን የሸፈነው?»

«ራሷ ናታ» አለ፣ ማሽኑን በመዳፉ እየዳበሰ። «አፍራ። ሴት ልጅ እንዲህ ባለ ነገር ዓይኗን ትሸፍናለች፤ ተፈጥሮዋ ነው።»

«አሃ» አለች ቁንጫ። «ተፈጥሮዋ ነው።»

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመች። አራት ሰው ጠየቀች፣ ሳጅኑን ጨምሮ። ሦስቱ ጨርቁን ከመካከላቸው ሌላ ሰው ያደረገው መስሏቸዋል። ሟቿ ናት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ ሁሉንም ሕክምናው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሳጅን፣ አልጋው ላይ ተኛ።»

«እኔ?!»

«እህቶች አሉህ አይደል? ለነሱ ስትል ተኛ።»

ተኛ። አልጋው ሲጢጥ አለ። ቁንጫ ወደ ሦስቱ ዞረች። «ይሄ ታካሚ ነው። ለሕክምና አዘጋጁልኝ፣ ተራ በተራ።»

መጀመሪያ ባልየው መጣ። ግራ ገባው። ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የሳጅኑን ጫማ አወለቀለት።

«ይመችህ ብዬ ነው» አለ አፍሮ።

ነርሷ ቀጠለች። ምንም ሳታስብ መስታወቱን ከሚስማሩ አውርዳ በሳጅኑ እጅ አስያዘችው። ሳጅኑ የራሱን ቀይ ፊት አይቶ ደነገጠ።

«ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው!» ባለማሽኑ እየተቆጣ ቀረበ። «እኔ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ሲቀለድበት...» እያወራ ትራሱን አስተካከለ። «...ለበላይ አካል አቤት እላለሁ...» እያወራ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን ንጹሕ ጨርቅ ሳበ። አንዴ አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው፣ የሳጅኑ ዓይን ላይ አሳረፈው። «...ስሜን የሚያጠፋ ሰው ደግሞ...»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማውራቱን ያላቆመው እሱ ብቻ ነበር። ከዛ ሁሉም የሚያዩትን አየ።

«እጅዎ ከአፍዎ ይልቅ እውነተኛ ነው» አለች ቁንጫ። «ቁጭ ይበሉ። እናንተም ስሙኝ። ዶክተሯ ራሷን ወጋች ተባለ። ይሁን። ዓይኗን ሸፍና ነው የወጋችው? ሳታይ ደም ሥሯን በአንዴ አታገኝም። ወግታ ነው የሸፈነችው? ያን ሁሉ ማደንዘዣ ደም ሥሯ ውስጥ ከትታ ጨርቅ በሥርዓት የምታጥፍበት ጊዜ የላትም። ስለዚህ ሌላ እጅ ነበረ።»

ባልየው ወደ ባለማሽኑ ዞረ።

«ያ እጅ መርፌ ያውቃል። ጋሼ ከጥርጣሬ ወጡልኝ፤ መርፌ ሲያዩ መሬት ላይ ናቸው። ቀጥሎ ጨርቁ። ሁላችሁም ሬሳ ተሸፈነ ብላችሁ አለፋችሁት። ሬሳ ግን ሙሉ ፊቱ ነው የሚሸፈነው። ዓይኗ ብቻ የሚሸፈን ሬሳ የለም፤ የሚሸፈን ታካሚ ግን አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ ደግሞ ታካሚ መስታወት ነው የሚሰጣት። ገዳዩ ሟቿን ታካሚ ሊያስመስል አልጋ ላይ ሲያስተኛት፣ እጁ የለመደውን አደረገ። አደረግኩት ብሎ እንኳ አያውቅም። ለዚህ ነው ‹ተፈጥሮዋ ነው› ያለኝ። በሱ ቤት ሴት ማለት ዓይኗ የተሸፈነ ናት።»

«ነርሷም ጨርቁን ታውቀዋለች!» ጮኸ ባለማሽኑ። «እኔ ላይ ልታላክክ አድርጋው ይሆናል!»

«ልታላክክ ብትፈልግ ትጠቁመኝ ነበር። እሷ ግን ደበቀችልህ።» እርስዎ ማለቱ እዚህ ጋ አለቀ። «ለምንድነው የደበቅሽው፣ ሲስተር?»

ነርሷ እንባዋን በጋውኗ ጫፍ ጠረገች። ቀና ስትል ዓይኗ ደርቋል።

«ከዛ ጨርቅ ሥር ተኝቼ ስለማውቅ ነው። ‹ደስታሽን እጥፍ አደርግልሻለሁ› አለኝ። ዓይኔን ሸፈነኝ፣ አደነዘዘኝ፣ አቃጠለኝ። ስላልታየኝ ምን እንዳደረገኝ ያወቅኩት ሲቆስል ነው። አሁን እዛ ጋ ምንም አይሰማኝም። ለዶክተሬ ስነግራት ሌሎችም እንዳሉ ነገረችኝ። በዚህ ሳምንት አንድ ላይ ሆነን ልንከሰው ነበር። ይሄንን አውቋል።»

«ይሄንን ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባሌ እንዳይሰማ።» ተነፈሰች። «አሁን ይስማ። የተቃጠልኩት እኔ፣ የማፍረውም እኔ? እምቢ!»

ባለማሽኑ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአፉ አልራቀም። «ፍርድ ቤት ቆመሽ ይሄን ልታወሪ? በሰው ፊት?»

«ማይክ ይስጡኝ እንጂ!»

«እሷ እንኳ ባትናገር ኩባያው ይናገራል» አለች ቁንጫ ቀስ ብላ። «ዶክተሯ እያየች ክንዷን አትሰጥህም። መጀመሪያ በሻይ ነው ያስተኛሃት። የጨመርክባት መድኃኒት ኩባያው ሥር...»

«ኩባያውን እኮ አጥቤ...»

አፉን ዘጋ። ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሳጅኑ ጨርቁን ከዓይኑ ገፍፎ ብድግ አለ፤ ባዶ እግሩን ነው፣ በአንድ እጁ መስታወት፣ በሌላው ካቴና።

ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሲፈተሽ መሳቢያው በነጫጭ ጨርቅ ሞልቶ ተገኘ። ሁሉም በአራት የታጠፉ።

ባለማሽኑ ተይዞ ሲወርድ ደረጃው ላይ የከሰዓቱ ወረፋ ቆሟል። ሴቶቹ ወሬውን ሰምተው አልሄዱም፤ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ ነፍስ ይማር» አለች አንዷ ቀስ ብላ። «የልብ ድካም ነው አይደል?»

ባልየው መርማሪዋን አየ፣ ነርሷን አየ። ከዛ ሄዶ ሰሌዳውን ከግድግዳው አዞረው፣ ወረቀቱን ቀደደው፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ።

«የልብ ድካም አይደለም። ባለቤቴ ተገድላ ነው። የሕፃናት ሐኪምም አልነበረችም፤ እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ።» ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ልክ ሰልፍ ላይ እንደሚናገር። «ይሄ በሩ ላይ ይሰቀላል!»

«ሳጅን፣ ጮክ ብለህ አንብበው» አለች ቁንጫ።

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጆሮው እንደገና ቲማቲም ሆነ። ግን ጀርባውን አልሰጠም።

«የሴቶች... የወሲብ... ደስታ... ሕክምና!»

ነርሷ መስታወቱን ከሳጅኑ ተቀብላ በጋውኗ ወለወለችው። «ሌላ ሐኪም እስክናገኝ ታገሱን። መስታወቱ ቦታው ላይ ነው» አለች።

ከታች አንዲት ሽበታም እናት ሻርፓቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

«እኔ ሁለተኛ ነበርኩ» አሉ ዙሪያቸውን እየገላመጡ። «ሐኪሟ እስክትመጣ ወረፋዬን የነካ ወዮለት!»